ጾም ነኝ ያልኩ ዕለት

የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ከዓመት ዕረፍት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠየቁት «የት ከረማችሁ?» ተብለው ነው። አንዱ ዱባይ ይላል፣ አንዷ ናይሮቢ ትላለች፣ ሁለቱም ለአንድ ሳምንት የሽቶ ሱቅ ይሸታሉ። በዚያ ዓመት እኔም ተራዬ ደርሶ ስጠየቅ ቀና ብዬ «ውጭ አገር» አልኩ። አልዋሸሁም። ስለ ውሸት ወደ በኋላ በሰፊው እመጣበታለሁ፤ ይህኛው ግን ውሸት አይደለም። ለአዲስ አበባ ልጅ የሚስት አገር ውጭ አገር ነው። ቪዛው ሽማግሌ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው የሚስት አባት ናቸው። ጉምሩኩ አማት ናቸው፤ ሻንጣህን ከፍተው «ልጄ የምትለብሰው ይኼንን ነው?» ይላሉ። አየሩም የሌላ አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ያላበኝ ሹራብ መንዝ ሲደርስ ወንፊት ሆነብኝ። ምግቡ ደግሞ... ምግቡ ነው ጉዴን ያፈላው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔና ሸዋዬ የተጋባነው አዲስ አበባ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ በምስክሮቻችንና በአንድ ኪሎ ከረሜላ ነው። ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ የላክሁት ከተፈራረምን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። አባቷ አቶ ደምሴ ሽማግሌዎቹን አላባረሩም። አበሏቸው፣ አጠጧቸው፣ እስከ ደጅ ሸኟቸው፤ ከዚያ «እንግዲህ ሆነ» አሉ። በቃ። ምርቃት የለም። ያለ አባት ምርቃት የቆመ ትዳር እዚያ አገር ክዳን እንደሌለው ቤት ነው፤ ግድግዳው ቢያምርም ዝናብ ሲመጣ ያዩታል ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አባባ (እኔም አባባ ነው የምላቸው) በቀጥታ አናግረውኝ አያውቁም። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ልጃቸውን «ያ ሰውዬ በልቷል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሸዋዬ ወደ እኔ ዞራ «በልተሃል?» ትለኛለች። «በልቻለሁ በይልኝ» እላለሁ። ሦስታችንም አማርኛ እየተናገርን አስተርጓሚ ያስፈለገን ሰዎች ነበርን። እንግዲህ ውጭ አገር ስል ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚያ ዓመት ሸዋዬ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከአዲስ አበባ ስንነሣ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «ልጄ ያለ አያቱ ምርቃት አይወለድም። አባዬ ሳይመርቁን ከሞላሌ አውቶቡስ አልሳፈርም።» ሸዋዬ የምትቀልድ ጊዜ ቅንድቧ ከፍ ይላል። ቅንድቧ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሞላሌ ወርደን፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት እግር መንገድ ርቆ ባለው ወላጆቿ ቤት አሥር ቀን ተቀመጥን። ጥቅምት ነው፤ ገብሱ እየከበደ፣ ባቄላው እሸት ነው። ዘጠኙ ቀን «ያ ሰውዬ በልቷል?» በሚለው አለፈ። በአሥረኛው ዋዜማ፣ ረቡዕ ዕለት፣ አማቴ እማማ በላይነሽ ወደ ጓዳ ጠርተውኝ ምሥጢር ነገሩኝ።

«ስማኝ ልጄ። ሐሙስ ሙክቱን ሊያርዱላችሁ ነው። ከልደታ ጀምሮ ሲያደልቡት የኖሩት ለዚሁ ነው። ያኔ ይመርቋችኋል። አንተ ብቻ ደህና አርገህ ብላላቸው። ያረዱለትን የማይበላ ሰው አይወዱም።»

እኔ ደግሞ መብላት ይቸግረኛል? ሸዋዬ ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዓርብ በማለዳ ተሳፍረን ልንሄድ ነው፤ ሐሙስ የዕረፍታችን የመጨረሻ ቀን ነው፤ ማታ ሙክት፣ ከሙክት በኋላ ምርቃት። ቀኑን እንዴት እንደማሳልፈው ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። የበግ ጠጉር ባናዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ የድንጋዩን ካብ ተደግፌ ፀሐይ እሞቃለሁ። የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ ለሸዋዬ እሰጣታለሁ። ለማታው ሆዴን ባዶ አቆያለሁ። ሌላ ምንም አላደርግም። እንዲህ ያለ ያማረ ዕቅድ ከዚያ በኋላ አውጥቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ረቡዕ ጾም ነው። ዓርብም ጾም ነው። ዘመድ ሁሉ «ሳይሄዱ አንድ ቀን ጠርተን እናብላቸው» እያለ ሲያስብ ከርሞ፣ የቀረውን ቀን ሲቆጥር፣ ሥጋ የሚበላበት ቀን ሐሙስ ብቻ ሆኖ አገኘው። ሁሉም በየቤቱ ለብቻው ስላሰበ ሁሉም ሐሙስን መረጠ።

ፀሐዩ ገና ሳይሞቅ የሸዋዬ አጎት መልእክተኛ ልከው አስጠሩን። ቤታቸው ስንደርስ በጉ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ዱለቱ ደርሷል። ሸዋዬ እርግዝናው የሥጋ ሽታ አስጠልቷት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ማንም አላስገደዳትም። «የእሷንም አንተ ብላላት» ተባልኩ። እንግዲህ ለሁለት ሰው የምትበላው እርጉዟ ናት ሲባል ነው የምናውቀው፤ እኛ ቤት ለሁለት ሰው የምበላው እኔ ሆንኩ። ዱለቱን በላሁ። ጥብሱ መጣ። ለማታው ቦታ መተው አለብኝ ብዬ እጄን ልሰበስብ ስል የአጎቷ ሚስት ጎንበስ ብለው አንድ ጉርሻ የሚያህል ሳይሆን አንድ ቡጢ የሚያህል ጠቅልለው «በሞቴ» አሉኝ።

በሞቴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሴትዮዋ ሕይወታቸውን አስይዘዋል። አልበላም ማለት ይሙቱ ማለት ነው። አዲስ አበባም በሞቴ አለ፤ ግን እንደ ሰላምታ ሆኗል፤ «በሞቴ ተው» ይሉሃል፣ ትተዋለህ። መንዝ ላይ በሞቴ ያለ ሰው እስክትውጥ ድረስ ዓይን ዓይንህን ያያል። እዚያ ቤት ሦስት ጊዜ ሞቱልኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ አዳንኳቸው።

ከዚያ ወጥተን ወደ ቤት ልንመለስ ስንል መንገዱ ላይ እትዬ ወርቅነሽ ቆመው ይጠብቁናል። እትዬ ወርቅነሽ የአባባ ታናሽ እህት ናቸው፤ ቤታቸው ቁልቁል ወንዙ አጠገብ ነው። ወንዙ ዳር የሚኖር ሰው ቤት ቁልቁል መውረድ ቀላል ነው፤ ዳገቱን መመለስ ነው ነገሩ፣ ያውም በልቶ። ዶሮ ሠርተዋል። ፈረሰኛውንም መላላጫውንም እኔ ፊት አደረጉት። «የወንድሜን ልጅ ያገባህ አንተ አይደለህ?» አሉኝ፤ ለዚህ መልሱ አዎ ነው፤ አዎ ካልኩ ደግሞ መብላት ነው። እንቁላሉን በሞቴ፣ እግሩን በሞቴ፣ መረቁን አፈር ስሆን። እትዬ ወርቅነሽ ባልቴት ናቸው፤ ለእኔ ብለው የነበራቸውን አንድ አውራ ዶሮ እንዳረዱ ሸዋዬ በጆሮዬ ነገረችኝ። እንግዲህ ምን ልበል? አጥንቱን ሳይቀር ጋጥሁት።

ስንወጣ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ ለቀቅሁ። ሦስተኛ ቀዳዳ የለውም።

እዚህ ላይ ብንመለስ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ የሸዋዬ የክርስትና እናት አሉ፤ እትዬ አስካለ። የክርስትና እናትን ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ነው። «ቁጭ አንልም፣ ቆመን ስመናቸው እንመለሳለን» ተባብለን ወጣን። ዳገቱን ስወጣ የሚሰማው ትንፋሽ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሸዋዬ ዞራ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ ነው።

ቆመን ስመናቸው አልተመለስንም። ተቀመጥን። ቅቅሉ መጣ። ጭልፋው ውስጥ የጎድን አጥንት አየሁ፤ አጥንቱም እኔን ያየኝ መሰለኝ። ማታ የሚጠብቀኝ ሙክት ትዝ አለኝ። ይህንን ከጨመርኩ ማታ አንድ ጉርሻ አልውጥም፤ ካልበላሁ ደግሞ አባባ ያዝናሉ፤ አባባ ካዘኑ ምርቃት የለም፤ ምርቃት ከሌለ ሸዋዬ አውቶቡሱን አትሳፈርም። እትዬ አስካለ ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው «በ» ለማለት ሲገጥም አየሁት። «ሞቴ» የምትለዋ ከመውጣቷ በፊት የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«ጾም ነኝ» አልኩ።

እትዬ አስካለ ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ። «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ።

«ጽጌን ነው።»

ለማታውቁት፣ የጽጌ ጾም የውዴታ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መግቢያ ያለውን የጾመ ይጸድቅበታል፣ ያልጾመ አይጠየቅበትም። የሚጾሙትም መነኮሳት፣ ካህናትና እንደ አባባ ያሉ ሽማግሎች ናቸው፤ ዘጠኙን ቀን እነአባባ ቤት የጾም ብቻ የተበላውም ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፀጉሩን ቅባት የተቀባ ጎልማሳ ይጾመዋል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔም ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ሸዋዬ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። ባለቤቴ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

እትዬ አስካለ ቅቅሉን ወደ ጓዳ መለሱትና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተመለሱ። «በዚህ ዘመን፣ በከተማ፣ በጉብዝናህ» አሉ። «ለመሆኑ እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾመው?»

ሞኝነቴን ተመልከቱ። እስከ ዘጠኝ ብል ኖሮ ይገላግሉኝ ነበር፤ ገና ስድስት ሰዓት ነበር። እኔ ግን ትሕትና መስሎኝ «እስከ ስድስት ብቻ ነው፣ እንደ አቅሜ» አልኩ።

«እሰይ፣ ደረሰልሃ!» አሉና የጾሙን አመጡት። ሽሮ፣ የተልባ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ አሹቅ። «ጾመኛ ነው፣ አንጀቱ ታጥፏል» እያሉ እየደራረቡ አቀረቡልኝ። በሞቴ ያላሉበት ነገር ቢኖር ጨዉ ነው። ሰው ከአንድ ቅቅል ለመሸሽ ዋሽቶ አራት ዓይነት ሲበላ በዓለም የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሸዋዬ ዝም ብላለች። ዝምታዋ ከአሹቁ ይከብድ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከኋላችን እትዬ አስካለ የግቢያቸው ካብ ላይ ወጥተው እጃቸውን አፋቸው ዙሪያ አድርገው ሲጣሩ የሰማነው። በዚያን ጊዜ በዚያ ቀዬ ስልክ የለም፤ አያስፈልግምም ነበር። ከጉብታ ወደ ጉብታ ይጣራሉ፣ ይደርሳል።

«አንቺ በላይነሽ ሆይ!»

ከወንዙ ማዶ የአማቴ ድምፅ «ወዬ!» ብሎ መለሰ።

«እልል በይ! አማችሽ ጽጌን ጾሞ ነው የከረመው! አንድ ጉርሻ ሥጋ አልነካም አለኝ!»

ሸለቆው ደግሞ ደጋግሞ «አለኝ፣ አለኝ» አለ። ወሬው በራሳችን ላይ አልፎ ሄደ። እኛ ገና ግማሽ ቁልቁለት ላይ ነን፤ ውሸቴ ቤት ደርሷል። መቼም ያ ወሬ ከእትዬ አስካለ ቤት ወደ አማቶቼ ቤት ሲሻገር በማን ጣራ ላይ እንደሚያልፍ ገምቱ። ወንዙ ዳር የእትዬ ወርቅነሽ በር ተከፈተ። ዶሮ ያበሉኝ እትዬ ወርቅነሽ ብቅ አሉና ቀና ብለው ሰሙ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ሲይዙ ከሩቅ አየኋቸው።

«አየሃቸው?» አለች ሸዋዬ።

«አየኋቸው።»

«አባዬ እስከ ዛሬ ያላናገሩህ ምናልባት ቀድመው አውቀውህ ነው።»

እንዲህ ስትለኝ ቀለል አለኝ፤ መናገር መጀመሯ ነው። በእትዬ ወርቅነሽ ቤት በኩል እንዳናልፍ በላይኛው መሻገሪያ ዞርን። መንገድ ላይ ተስማማን። እንደ ደረስኩ፣ ሳልቀመጥ፣ ለአባባ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። «ሳትቀመጥ» አለችኝ። «ሳልቀመጥ» አልኳት። የምናገረውንም ዓረፍተ ነገር እያጠናሁ ወጣሁ። አጭርና ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ግቢ ስንገባ ሙክቱ እንዝርት በሚያህል ችካል ታስሮ ሣር ይግጣል። አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሡ። ለእኔ ተነሥተው አያውቁም። ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው መደቡ ላይ አነጠፉና፣ ወደ ሸዋዬ ሳይዞሩ፣ ዓይኔን እያዩ «ና ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በል» አሉኝ።

ልጄ አሉኝ። ዓረፍተ ነገሬ ጠፋብኝ። ተቀመጥኩ።

«ይህን ያህል ቀን አንድ ቤት ስናድር ሳላውቅህ» አሉ። «እኔ ከጉብዝናዬ ጀምሮ ጽጌን ፈትቼ አላውቅም። ዘንድሮ ግን ጨነቀኝ። አማቼ መጥቷል፤ ሳላርድለት አልሰደውም። ካረድኩ ደግሞ ባለቤቱ ሳይቀምስ እንግዳውን ብላ ማለት ምን ዓይነት ማስተናገድ ነው? መምሬን ጠየቅኋቸው። እንግዳ መቀበልም ጽድቅ ነው፣ ፍታ አሉኝ። እፈታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን በላይነሽ ስትነግረኝ ከደረቴ ላይ ድንጋይ ወረደልኝ።»

እማማ በላይነሽ ከበሩ ላይ ሆነው ፈገግ ብለው ያዩኛል። አባባ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። «እኔ እስከ ዘጠኝ ነው። አብረን እንቆይና ከአንድ መሶብ እንቀምሳለን። እስቲ ንገረኝ፣ ምን አስበህ ጀመርከው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አሁን እናንተም «ተናገር እንጂ» እያላችሁ ነው፤ እሰማችኋለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ገና ውሎ ሳያድር ከብዷል፤ ይባስ ብዬ ደግሞ ጫንሁበት።

«ሸዋዬ በሰላም እንድትገላገል... ተስዬ ነው» አልኩ።

ሸዋዬ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ሹራብና ኮት አልፎ የሚሰማ ቁንጥጫ ነበር። አባባ ግን አላዩም፤ ዓይናቸው ርሶ ወደ ሰማይ እያዩ ነበር። ቀስ ብለው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በላይነሽ፣ ነይ ቁሚ» አሉ። «ለማታ ምን አቆየኝ። አሁን ልመርቃቸው።»

ተነሣን። ሸዋዬ ቀኝ፣ እኔ ግራ፣ አንገታችንን ደፋን። ሁለት ዓመት ስትለምነው የኖረችው ነገር መጣ። በዓይኔ ጫፍ አየኋት፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች፤ እንባዋ ይወርዳል፤ የደስታ አይመስልም። አባባ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

እዚህ ላይ ጀግና ሆንኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። በልጄ ስም የዋሸሁት ውሸት አንገቴን አንቆኝ እውነቱን አወጣሁት ብል ታምኑኝ ነበር፤ አንቆኝም ነበር። ነገር ግን በዚያችው ቅጽበት ከካቡ ባሻገር የእትዬ ወርቅነሽ ሻሽ ዳገቱን ሲወጣ ማየቴንም መደበቅ አልችልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የእኔ ዶሮ ግን በቀን፣ በእግሯ እየመጣች ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንዳናገረኝ ሸዋዬ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

«አባባ» አልኩ፣ «ጾም አይደለሁም።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«አልተሳልኩም። ጠዋት ዱለት በልቻለሁ። ከዚያ ጥብስ። ከዚያ እትዬ ወርቅነሽ ቤት ዶሮ፣ ከነእንቁላሉ። እትዬ አስካለ ቤት ሆዴ ስለሞላ ነው የዋሸሁት። የእርስዎን ሙክት ለመብላት ቦታ እንዲተርፈኝ ብዬ ነው።»

እማማ በላይነሽ «እሜቴ ማርያም» ብለው በሩን ተደገፉ። አባባ እጃቸውን አላወረዱም። ሙክቱ ሣር ሲበጥስ ይሰማል። እንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ ቆሜ አላውቅም።

በዚህ መካከል እትዬ ወርቅነሽ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገቡ። እኔ ሊያጋልጡኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ገና ከመግባታቸው መሬት ላይ ተንበርክከው የአባባን እግር ያዙ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ እያለቀሱ። «ልጁን አትቆጣው። ጾመኛ መሆኑን መች አወቅሁ? እሱ እኮ እንቢ ብሎኝ ነበር። በሞቴ ብዬ፣ አፈር ስሆን ብዬ፣ እኔ ነኝ አስገድጄ ጾሙን ያስፈታሁት። ለእኔ ነፍስ ብሎ ነው የበላው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

አሁን አስቡት። ግማሽ ደቂቃ ዝም ብል ኖሮ፣ እኚያ ባልቴት ማንም ሊያፈርሰው የማይችል፣ በእንባ የታጀበ ምክንያት ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ጾመኛ እንደሆንኩ፣ ለሰው ነፍስ ብዬ ጾሜን የሠዋሁ ጻድቅ ሆኜ ልመረቅ ነበር። ሸዋዬም ይህንኑ እንዳሰበች ያወቅሁት ከንፈሯን ስትነክስ ነው።

አባባ እህታቸውን ቁልቁል አዩ። እኔን አዩ። ሙክቱን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ሲስቁ አይቻቸው ስለማላውቅ በምን ልወቅ?

«ተነሽ ወርቅነሽ» አሉ። «አንቺ ለሱ ሆድ ኃጢአት ትሸከሚያለሽ፤ እኔ ለሱ ሆድ ስንት ዘመን የጾምኩትን ልፈታ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለእኔ ሙክት ብሎ ይዋሻል። አገሩ ሁሉ በአንድ ሰው ሆድ ሲጨነቅ ዋለ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ» አልኩ።

«ቆይ» አሉኝ። «መጀመሪያ ቅጣትህን ስማ። ከአሁን ጀምሮ እስከ ነገ ድረስ አንዲት ነገር አፍህ እንዳይገባ። ማንም በሞቴ ቢልህ ይሙት። ሁለተኛ፣ ተስዬ ብለሃል፤ በልጅህ ስም የወጣ ቃል ዘበት አይሆንም። የቀረውን ጽጌ ትጾመዋለህ፤ በእውነት።»

እስከ ነገ ድረስ ምንም አትብላ ሲባል በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም። ፊቴን በግድ አጨፍግጌ «ከባድ ነው፣ ግን እቀበላለሁ» አልኩ። ሸዋዬ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

እጃቸው ግን አሁንም እንደተነሣ ነው። እማማ በላይነሽ ፈራ ተባ እያሉ «እንግዲያ ምርቃቱ...» አሉ።

«እጄን አንዴ አንሥቻለሁ» አሉ አባባ። «ባዶውን አላወርደውም።»

መረቁን። በሰላም ያገላግልሽ አሉ፤ አሜን አልን። ትዳራችሁን ያጽናው፣ ውለዱ ክበዱ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ አሉ፤ አሜን አልን። ሸዋዬ አሜን ማለት አቅቷት ራሷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሚወለደውንም እንደ አባቱ ያድርገው» አሉ። እኔ ደንግጬ ቀና አልኩ። «ዋሽቶ ማደር የማይችል» ብለው ጨረሱ።

«አሜን» አልን ሁላችንም፤ ከሁሉ የጎላው የእትዬ ወርቅነሽ ነበር።

ዕረፍቴ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ፀሐይ መግቢያ ባናዬን ለብሼ ካቡን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ማንም ብላ አላለኝም። ሸዋዬ የባቄላ እሸቱን በሰፌድ ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። እኔ እፈለፍላለሁ፣ እሷ ትበላለች። አባባ ከዘጠኝ በኋላ የጾማቸውን ቀምሰው መጥተው ከጎናችን ተቀመጡ። ስለ ውርጭ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ አዲስ አበባ ኪራይ ቤት ጠየቁኝ። እኔን ነው የጠየቁት፤ ሸዋዬ አላስተረጎመችም። ሙክቱ ችካሉ ላይ ጋደም ብሎ ያመሰኳል፤ እስከ ገና ዕድሜ ተሰጥቶታል፤ በገና ደግሞ እኛም እንድንመጣ ተፈርዶብናል። ከዚያ ግቢ ፍጥረታት ሁሉ ያን ቀን በጣም የተገላገለው እሱ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ።

ልክ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አባባ ወደ በጎቹ ሲሄዱ ጠብቀው እማማ በላይነሽ በትንሽ ጣባ በሶ ይዘው መጡ። ዙሪያቸውን አየት አደረጉና ጎንበስ ብለው «ሆድህ ባዶውን አይደር። እሳቸው አይሰሙም። በሞቴ» አሉኝ።

አልበላሁም። ሸዋዬ በላችልኝ።

ዓርብ በማለዳ ከሞላሌ ተሳፈርን። አባባ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙን፤ በመስኮቱ በኩል «በል ልጄ፣ ጽጌን እንዳትረሳ» አሉኝ። አልረሳሁም፤ ሸዋዬ ባለችበት እንዴት ይረሳል? የቀረውን ጾምኩ። ከዚያም በየዓመቱ እጾማለሁ፤ ማንም ግን ጾም ነኝ ስል አያምነኝም።

በየካቲት ሴት ልጅ ወለድን። አሁን አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው እሑድ ጋዜጣ እያነበብኩ ሳለ ማንም ሳይጠይቃት ፊቴ መጥታ ቆመችና «እኔ ስኳር አልበላሁም» አለችኝ። ከንፈሯ ዙሪያ ነጭ በነጭ ነው። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጌ አየኋት። ዞር ብላ እስከ በሩ ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ቆመች፤ እግሯን አፋተገች፤ ተመለሰች።

«ትንሽ በልቻለሁ» አለች።

ሸዋዬ ከጓዳ «አሜን» አለች።